ሚኪን ጠይቂልኝ

ሂሩትዬ፣

ጠፋሁ አይደል? ይቅርታ። አንቺም አልደወልሽም፤ ተቻችለን እንለፈው። ናፍቆት ብቻ ነው ያስጻፈኝ ብል ደግሞ አታምኚኝም። ጉዳይ አለኝ። መጀመሪያ አንብቢ፣ ከዚያ ስደቢኝ።

ስለ ሐዋሳ ሰፈራችን እየጻፍኩ ነው። እውነተኛ ታሪክ ነው፤ አጻጻፉ ግን እንደ ልብ ወለድ የሚነበብ። መሃሉ ላይ እናትሽ አሉ። የወንድምሽ የሚኪ ጉዞም አለ። ይኸው ፊትሽ ተቀየረ።

እማማ አስካለ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ደብተሬን እያዩ «ጻፍ ልጄ» አሉኝ። ግን ለሳቸው ያ የቡና ወሬ ነው። ታትሞ ጎረቤት ሲያነበው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የጻፍኩትን ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ። «ይሄን ተው» ያሉት ይወጣል።

ስም ቀይር ትይኝ ይሆናል። እስቲ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ፣ ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ የሄደ ብለሽ ጠይቂ። ባለ ባጃጁ በራችሁ ላይ ያወርድሻል! በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ልብ ወለድ ብሎ ነው ያወጣው። አንባቢው ግን ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ለየ። በ1976 ደራሲው ራሱ የደረሰበት ጠፋ። ፖላንዳዊው ካፑሺንስኪ ደግሞ ስለ ጃንሆይ ቤተ መንግሥት ሲጽፍ ተናጋሪዎቹን በፊደል ብቻ ጠራቸው። ለደህንነታቸው ነው፣ እሺ። ግን የቤተ መንግሥት ሰው እንዲህ አይናገርም የሚል ወቀሳ ሲመጣ ማን ተጠርቶ ይመስክር? ስም ስደብቅ እኔም አብሬ እደበቃለሁ ማለት ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ሚኪ የሄደበት ያ ሌሊትስ? እማማ የሚያስታውሱት በር ላይ «ደርበሃል?» ማለታቸውን ብቻ ነው። ግማሽ ገጽ ምልልስ መፍጠር አያቅተኝም፤ ታውቂኛለሽ። አንባቢም ያለቅሳል። ግን ሚኪ ያላለውን እንዴት አድርጌ አፉ ውስጥ አስገባለሁ? «ደርበሃል?» ብቻ ትግባ። ቀጥሎ «በሩ ተዘጋ» ልል ነበር። እሱንስ ማን አየ?

አሁን ወደ ዋናው። ታንዛኒያ እስር ቤት የሆነውን እኔና አንቺ እናውቃለን። እማማ አያውቁም። ሚኪ የነገረኝ ለጓደኛው እንጂ ለጸሐፊ አይደለም። ያለሱ ታሪኩ ግማሽ ነው፤ እሱን አልክድም። እናት ግን ይሄን ከመጽሐፍ ላይ ትስማ?

ስለዚህ አንቺ ደውይለት። እኔ ብጠይቀው ይሉኝታ ይዞት እሺ ይላል። እምቢ ማለት የሚችለው ላንቺ ነው። እሺ ካለም መጀመሪያ እሱ ራሱ ለእናቱ ይንገራቸው፤ እኔ እጠብቃለሁ። እምቢ ካለ ምዕራፉ ይወጣል። መጽሐፉ ይሳሳል፤ ይሳሳ።

አላገባሁም፤ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ ብዬ ነው። መልስሽን በድምፅ ላኪልኝ፤ የእጅ ጽሑፍሽ እንደሆነ ድሮም አይነበብም።

ያው ዳዊት