አባዬ፣ ደብተሩን ተወው

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱም ተለምዷል። ለእማዬ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የዛሬው ደብዳቤ ግን ያንተ ነው፤ በደብተር እየለቀምክ ስለምትጽፋቸው ቃላት።

ቅዳሜ ዕለት የእንግሊዛዊውን የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሳሙኤል ጆንሰንን ቤት አየሁ። ለንደን መሃል፣ ጎፍ ስኩዌር የሚባል ቦታ ነው ያለው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1755 የታተመው ትልቁ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የተዘጋጀው እዚያ ነው። ደረጃውን ወጥቼ ወጥቼ ጣሪያው ሥር ካለው ክፍል ደረስኩ። ስድስት ረዳቶቹ ተቀምጠው ይጽፉ የነበሩት እዚያ ነው። ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ።

አሠራሩን ልንገርህ። ጆንሰን መጽሐፍ ያነባል። የሚፈልገው ቃል ላይ ሲደርስ በእርሳስ ያሰምርበታል። ረዳቶቹ ዓረፍተ ነገሩን ይገለብጣሉ። ፍቺው የሚጻፈው ቃሉ በሰው ብዕር እንዴት እንደዋለ ከታየ በኋላ ነው። እንዲህ እያሉ ከ42 ሺህ በላይ ቃላት፣ ከ100 ሺህ በላይ ጥቅስ አደረሱ። በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ ያለው ሥራ ዘጠኝ ዓመት ግድም ፈጀ። ሚስቱ መጨረሻውን ሳታይ በ1752 ሞተች። እማዬ "መብራቱን አጥፋና ተኛ" እያለች ስትቆጣህ ትዝ አለኝ።

ደግሞ እኮ ሐበሻን ያውቃል! የመጀመሪያ መጽሐፉ ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ ስለ ሀገራችን የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነው።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። ጆንሰን መጀመሪያ ላይ ተሳስቷል። በደብተር ለየቃሉ ቦታ እየተወ ያስጽፍ ነበር። ጥቅሱ ሲበዛ ቦታው አልበቃ አለ። ያን አሠራር ትቶ እንደገና መጀመር ግድ ሆነበት። ይህን ስሰማ ሰማያዊ ደብተሮችህ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። "ለ" ሞልቶብህ፣ ቀስት ሠርተህ "ሐ" ገጽ ላይ የቀጠልክባቸው።

ከእሱ በኋላ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሠሩት በቁራጭ ወረቀት ነው። ለአንድ ጥቅስ አንድ ወረቀት። ከሕዝብ የተላከላቸው በሚሊዮን ይቆጠራል። አንተም እንደዚያ አድርግ። ቃሉን ከላይ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከሥር፣ ከማን አፍ እንደሰማኸውም ጨምርበት። አዲስ ቃል ሲመጣ መሃል ማስገባት ነው፤ ቀስት አያስፈልግም።

ሰዎች "ጡረታ ወጥቶ ቃል ይለቅማል" እንደሚሉህ አውቃለሁ። የእኛ ሊቃውንትም ግን የሠሩት ይህንኑ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሳያሳትሙ አለፉ። ያሳተሙት ተማሪያቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው፣ በ1948 ዓ.ም.። ያንን ክፍል ሳይ የእነሱም ጠረጴዛና ብዕር እንዲህ ተቀምጦ ልጆች እየመጡ ቢያዩት ብዬ ተመኘሁ።

በሰው እጅ አምስት መቶ ባዶ ካርድ ልኬልሃለሁ። ከ"ለ" ጀምር።

ናፋቂ ልጅህ