ጎማ ከጎማ አይደራረብ
ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቡድን ብስክሌት ሲነዳ ጎማ ለጎማ ከተነካካ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው የኋለኛው ነው። የፊት ጎማውን ከቀዳሚው የኋላ ጎማ ጎን አስገብቶ ሲነዳ፣ ቀዳሚው ጉድጓድ ሊሸሽ አንድ ስንዝር ዘወር ካለ በቃ፤ መሪው ይጠመዘዝበትና ሚዛኑን ያጣል። ፊተኛውማ አብዛኛውን ጊዜ ሳይወድቅ ያልፋል። ስለዚህ ጀማሪ ባለበት ቢያንስ የአንድ ብስክሌት ርዝመት፣ 2 ሜትር ገደማ ይራቅ፤ በእርጥብ መንገድና በቁልቁለት ደግሞ ከዚያም በላይ። ዓይን ጎማ ላይ ከሚተከል በቀዳሚው ትከሻ አሻግሮ ይመልከት።

ጉድጓድ በእጅ ይጠቆማል፤ ሁለቱም እጆች ፍሬን ላይ ከሆኑ ግን ድምፅ ይበቃል። ጎማ ሲተነፍስም መሃል ላይ ድንገት መቆም የለም፤ «ልቆም ነው» ብሎ ቀስ በቀስ ጥግ መያዝ ነው። የጆሮ ማዳመጫ እባካችሁ ቤት ይቅር።

ብስክሌት ነጂ አንባቢዎቻችሁ