ችሎት ለምትሰየሚው ልጄ

ውድ ልጄ፣

መንግሥት በተለዋወጠ ቁጥር ወንበራቸው ላይ የቆዩ ዳኞች ምን ይዘው ቆዩ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሕገ መንግሥቱን ብቻ ተማምነሽ እንዳትቀመጪ። የ1948ቱም ሕገ መንግሥት ዳኛ ነጻ ነው ይል ነበር፤ ክርክሩ ግን መጨረሻው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሚፈርዱበት ዙፋን ችሎት ነበር። በ1967 ደርግ ሲመጣ የፖለቲካው ክስ ወደ ልዩ የጦር ፍርድ ቤት፣ የገጠር መሬት ክርክር ወደ ገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ሄደ። ዳኛውን ሳይሽሩ መዝገቡን ከፊቱ ማንሳት ይቻላል፤ ይህን ልብ በይ። በ1993 ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና የተጠረጠሩትን የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ሲለቁ፣ ፖሊስ ወዲያው መልሶ ያዛቸው። ብዙም ሳይቆይ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል አዋጅ ወጣ።

ሦስቱንም ዘመን፣ የንጉሡን፣ የደርግንና ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ ያለፈው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። አንቀጽ 177ን በደንብ አጥኚው፤ አካል ነጻ የማውጣት፣ ማለትም ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ የሚቀርብ አቤቱታ ነው። አመልካቹ ማን፣ የት፣ በማን እንደተያዘ በቃለ መሐላ ያቀርባል። አንቺም ያዡ ሰውየውን ይዞ እንዲቀርብና ምክንያቱን እንዲያስረዳ ወዲያው መጥሪያ ታዣለሽ። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መጥሪያው «ለፖሊስ» ተብሎ በጅምላ ሲወጣ ተጠያቂ አይገኝም፤ የኃላፊውን ስምና የሥራ ድርሻ ጻፊበት። ቀጠሮው ሲረዝም እስረኛው ወደ ሌላ ጣቢያ ይዛወርና «እኛ ዘንድ የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ስለዚህ ቀጠሮውን አጥብቢ፤ «የለም» ካሉም መቼ፣ በማን ትእዛዝ፣ ወዴት እንደሄደ በጽሑፍ እንዲመልሱ እዘዢ። ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነውና ለነገ አታሳድሪው።

ፍርድ ስትጽፊ አንቀጽ 182 ሦስት ነገር ይጠይቅሻል፤ ጭብጡን (የሚያከራክረውን ነጥብ)፣ ውሳኔውን፣ ምክንያቱን። ቸኩለው የሚዘሉት ምክንያቱን ነው። ያለ ምክንያት የተጻፈ ፍርድ ይግባኝ ላይ ይወድቃል፣ ሥርዓት ሲለወጥም ዳኛውን የሚከላከልለት አንድ ቃል አይኖረውም። ሦስት ሆናችሁ ስትሰየሙ ከሁለቱ ዳኞች ጋር ካልተስማማሽ የሐሳብ ልዩነትሽን እዚያው መዝገብ ላይ አስፍሪ፤ ቢሮ ውስጥ በቃል የተነገረ ተቃውሞ አይቆጠርም።

በያዝሽው መዝገብ ላይ ሊጫኑሽ ስልክ ይደወላል። አትከራከሪ፣ ቃልም አትግቢ። «አቤቱታ ካለዎት በሬጅስትራር በኩል በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ግልባጩ ለተከራካሪዎቹ ይደርሳል» በይ። ብዙው ሰው እዚያ ላይ ስልኩን ይዘጋል። የማይዘጋውን ስም፣ ቀንና ሰዓት መዝግበሽ ለችሎቱ ሰብሳቢ በዚያው ዕለት አሳውቂ።

አባትሽ