ልጆቻችን የድሬዳዋን ጥንታዊ የአለት ሥዕሎች እንዲያዩ እንርዳቸው

በአራት ኪሎና በፒያሳ ለምትኖሩ፣ ለምትሠሩ፣ እዚሁ ላደጋችሁ ሁሉ፤

የሰፈራችን የንባብ ክበብ ልጆች ብሔራዊ ሙዚየምን ደጋግመው አይተዋል። ሉሲን ያውቋታል። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ፣ በለገ ኦዳ አለት ላይ ስላሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንታዊ ሥዕሎች ግን ሰምተው አያውቁም። እኛ ወላጆችም ብንሆን ስንቶቻችን ሰምተናል? ይሄ ያንገበግባል።

ዛሬ በገጠራችን የምናየው ከብት አብዛኛው ባለሻኛ ነው። እዚያ የተሳሉት ላሞች ሻኛ የላቸውም። ሰዓሊው ገላቸውን ከጎን፣ ቀንዳቸውን ደግሞ ከላይ ሆኖ እንዳየው አድርጎ ነው የሳለው። ባለላት በጎችም አሉ። እንዲህ ያሉ ሻኛ የሌላቸው ላሞች ሐርጌሳ አጠገብ ላስ ጌል ላይም ይታያሉ። የጥንት እረኞች ዓለም ዛሬ በምናውቀው ድንበር የተከፈለ አልነበረም።

ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻም እንጎበኛለን። እዚያ በቁፋሮ 40 ኪሎ ያህል ቀለም የሚወጣው ድንጋይ ከነመፍጫው ተገኝቷል። ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ሥዕል የሚወድ ልጅ ይህን ቢያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት!

እንዲህ ያለ ቅርስ በቀላሉ ይጠፋል። የእሳት ጭስ ያጠቁረዋል፣ ከብት ይታከክበታል፣ አንዳንዱ ስሙን ይፋቅበታል። ፎቶው ደምቆ እንዲወጣ ብሎ ውሃ የሚረጭም አለ። በሊቢያ አካኩስ በረሃ፣ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ ቦታ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ሥዕሎቹ ላይ ቀለም ተረጭቶባቸዋል። ልጆቻችን መጀመሪያ የሚማሩት እጅ አለማሳረፍን ነው።

ጉዞው ከጥምቀት በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። ገንዘቡ ለባቡር ትኬት፣ ከድሬዳዋ ለሚወስደን መኪና፣ ለማደሪያ፣ ለምግብና ለውሃ ይውላል። ለአካባቢው አስጎብኚዎችና ጠባቂዎች የሚከፈለውን ግን ምንም ቢጎድል አንቀንስም። ቦታውን ጠብቀው ያቆዩልን እነሱ ናቸው። ስንመለስ ልጆቹ ያነሷቸውን ፎቶዎች በትልቁ አሳትመን እዚሁ ሰፈር እናሳያለን፤ ዕድራችን ድንኳንና ወንበር ሊሰጠን ቃል ገብቷል።

የአቅማችሁን እርዱን። ሃምሳ ብርም ትልቅ ነገር ነው። የክበቡ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በንባብ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። እጅ በእጅ የምትሰጡ ከገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ወጪና ገቢው በየሳምንቱ እዚያው ይለጠፋል። ካሜራ ወይም የመኝታ ከረጢት የምታውሱን ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በሉ፤ ሁላችንም እዚያ ነን።