የካዴትህ ጅራት

ወንድሜ፣

«ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር። ሳቅህ ተሰማኝና ሰረዝኩት። 4 ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ፤ በቃ። የዚያን የፋሲካ ማታ ነገር አላነሳውም። አንተም አታንሳብኝ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግም እንዳለች ናት። ወደ ጉዳዬ ልግባ፦ ካዴትህን፣ በሬዲዮ የምትመራዋን ሞዴል አውሮፕላንህን፣ አበረርኳት።

አዎ፣ ያችኑ። «እስክመለስ አደራ» ብለህ ቤዝመንት ያስቀመጥካትን። ሪሲቨሯን፣ የሬዲዮ መቀበያዋን፣ አውጥቼ በ2.4 ጊጋኸርዝ ቀየርኩላት። በ72 ሜጋኸርዝ ዘመን የጋራ ቻናላችንን መቆንጠጫ (ያልያዘ ሰው ሬዲዮውን አይከፍትም) ደረትህ ላይ ሰክተህ ቡና ልትጠጣ ትጠፋ አልነበር? እኔ ሜዳው ላይ ተገትሬ ስረግምህ። አሁን መቆንጠጫ የሚባል ነገር ቀርቷል። ከ250 ግራም በላይ ለሆነ ሁሉ ምዝገባ ያስፈልጋል ስለተባለ ደግሞ 5 ዶላር ከፍዬ ቁጥሬን ለጥፌባታለሁ። በወረቀት እንግዲህ የእኔ ናት። (ቀልዴን ነው። ግማሹን።)

ሁለት ዙር እንደ ድሮዋ ሄደች። ሦስተኛው ላይ ከፍ አድርጌ አፍንጫዋን ቁልቁል ለቀቅኳት። ፍጥነት ስትጨምር ከጅራቷ «ዝርርርር» የሚል ድምፅ መጣ። የአሮጌ ሚኒባስ መስኮት አስብ። ጉልበቴ ራደ። ጋዝ ቀነስኩ፣ ቀስ ብዬ አቃናኋት፣ ሣሩ ላይ አረፈች። እንዴት እንዳወረድኳት አትጠይቀኝ።

ቤት ወስጄ የሰርቮውን (ጅራቷን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ክንድ በአንድ እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩና በሌላው ኤለቬተሩን፣ አፍንጫዋን ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክፍል፣ ነካ ነካ አደረግኩት። ሰርቮው ንቅንቅ ሳይል ኤለቬተሩ 5 ሚሊሜትር ይወዛወዛል! ጥፋቱ ደግሞ የአንድ ቦታ አይደለም። የክንዱ ቀዳዳ ክብነቱ ጠፍቶ የስንዴ ፍሬ መስሏል። ክንዱ ላይ የሚሰካው ሽቦ የታጠፈበት ጋ ተበልቶ ቀጥኗል። «መንጋጋ» የምንላት ማያያዣ ፒኗ ተሞርዷል። ኤለቬተሩ ላይ ያለው፣ መንጋጋዋ የምትይዘው ቀንድም እንዲሁ። እያንዳንዱ የፀጉር ያህል ነው፤ ሲደመር ግን ጅራቷን ለነፋስ ሰጣት።

ደግሞ ጌታው፣ ያንተም እጅ አለበት። ለመገለባበጥ ስትል ሽቦውን ክንዱ ላይ ውጭኛው ቀዳዳ፣ ቀንዱ ላይ ውስጠኛው ቀዳዳ ሰክተኸዋል። እንዲያ ሲሆን ትንሿ ክፍተት ጅራቱ ጋ ስትደርስ ትገዝፋለች። እኔ ገለበጥኩት፤ ክንዱ ላይ ወደ መሃል፣ ቀንዱ ላይ ወደ ጫፍ። እንቅስቃሴው አነሰ፤ ለእኔ ዕድሜ ይበቃል። ክንዱን፣ መንጋጋዋን፣ ቀንዱን በአዲስ ተካሁ። መንጋጋዋ አየር ላይ እንዳትከፈት ከነዳጅ ቱቦ ቀለበት ቆርጬ አለበስኳት። የሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርገው መልሰው የሚበሱ አሉ። ለፊት ጎማ እሺ፤ ለኤለቬተር ግን እኔ አላምነውም።

አሁን 1 ሚሊሜትር ቀርታለች። የት እንዳለችም አግኝቻታለሁ። ሰርቮውን ከጅራቷ የሚያገናኘው የእንጨት ዘንግ ጫፍ ላይ ናት፤ ሽቦውን እማማ በላኩልህ የጥጥ ፈትል የጠመጠምክበት ቦታ። ሙጫው ተሰንጥቋል። በጣቴ ስይዘው ሽቦው ከፈትሉ ሥር ቅንጣት ያህል ይንሸራተታል። ምላጭ አነሳሁ። አስቀመጥኩት። ደግሞ አነሳሁ። በስልክ «ለአውሮፕላን?» ብለው የሳቁት ሳቅ መጣብኝ።

ማረፋቸውን በሳምንቱ ሰምቼ ነበር። ቁጥርህን አውጥቼ ብዙ ጊዜ አየሁት። ነገ እደውላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እደውላለሁ እያልኩ አርባቸው አለፈ። ከዚያ በኋላማ... ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን ብሎ ይደውላል? ነፍሳቸውን ይማር። ይሄን ከላይ መጻፍ ነበረብኝ፤ ስለ ሽቦ ሳወራ እዚህ ደረስኩ።

እና ምን ላድርግ? ፈትሉን ፈትቼ በአዲስ ልጠምጥመው? ወይስ ሌላ ዘንግ ሠርቼላት ይሄኛውን እንዳለ፣ ከነፈትሉ ሰው ሲመጣ ልላክልህ? ክንፏን አውልቄ ሶፋው ኋላ አስቀምጫታለሁ። ዘንጉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንተ ሳትነግረኝ አልነካውም።