ደህና ነኝ ብለሽ አትቅሪ

ልጄ፣

ትናንት ከቀትር በኋላ ከአዲሱ የአዋቂዎች ክሊኒክ ስልክ ተደወለ። መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር አሁንም የእኔ ስለሆነ እኔ አነሣሁት። ነርሷ አንቺን ጠየቀች፤ አባቷ ነኝ አልኳት። «ይቅርታ፣ 18 ዓመት ሞልቷታል፤ ስለ ቀረችበት ቀጠሮ የምነጋገረው ከእሷ ጋር ብቻ ነው» አለችኝ። ከተወለድሽ ጀምሮ የደም ውጤትሽን በቃሌ ይዤ የኖርኩ ሰው፣ ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ነርሷ ግን ትክክል ናት።

ከዚያ ክፍልሽ ገብቼ መሳቢያሽን ከፈትኩ። ማድረግ አልነበረብኝም፤ ይቅር በዪኝ። ሰውነትሽ የተተከለልሽን ኩላሊት እንዳያጠቃው የምትውጪውን የታክሮሊመስ ፍሬ አልጋሽ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። ሊተርፍ ከሚገባው በ14 በልጦ አገኘሁት። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ቆጠርኩ። ያው 14 ነው። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ሲባል የአንድ ሳምንት መድኃኒት ማለት ነው።

ልጄ፣ ደህና ነኝ ብለሽ አትቅሪ። ኩላሊት ሲጎዳ አይጮኽም። ሰውነትሽ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው አንዳች ሕመም ላይሰማሽ፣ ሽንትሽም እንደ ወትሮው ሊወርድ ይችላል። የሚናገረው የኩላሊትን ሥራ ለማወቅ በደም ውስጥ የሚለካው ክሬያቲኒን ነው፤ እሱም ደም ካልሰጠሽ አይታወቅም። ይህን ሁሉ ማን በደንብ ነግሮሻል? ስንት ዓመት ሙሉ ሐኪሞቹ የሚያስረዱት ለእኔ ነበር፤ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ጣሪያ ታዪ ነበር።

12 ዓመት ሲሆንሽ የሆነውን አልረሳሁም። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ አንቺ አዙሮ «እንዴት ነሽ?» አለሽ። አንቺ ጫማሽን ታያለሽ። «ደህና ናት» አልኩ እኔ። «ሽንት ሲመጣሽ ያቃጥልሻል?» አለሽ። አፍሽን ልትከፍቺ ስትዪ አየሁሽ፤ ሆኖም ቀደምኩሽ። «የለም፣ ደህና ናት» አልኩ። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ አምስት ደቂቃ ብቻችሁን እንዲያነጋግርሽ ለመነኝ። ከእኔ የሚደበቅ ምን አላት ብዬ ተቆጣሁና እጅሽን ይዤ ወጣሁ። በሦስተኛው ሌሊት ትኩሳትሽ ከ39 አለፈ። ለካ ሲያቃጥልሽ ሳምንት ሆኖሽ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛሽ። ለምን አልነገርሽኝም ብልሽ፣ ግሉኮሱ የተሰካበትን እጅሽን እያየሽ «አባዬ፣ ደህና ናት ብለህ ነበር እኮ» አልሽኝ።

ከልጆች ሕክምና ወደ አዋቂዎች ሕክምና ለመሻገር የሚደረገው ዝግጅት ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ መጀመር አለበት የሚሉት ባለሙያዎቹ ለዚህ ኖሯል። ያ ሐኪም የጠየቀው አምስት ደቂቃ ላንቺ የመጀመሪያው ልምምድ ይሆን ነበር። የከለከልኩሽ እኔ ነኝ። «ደህና ነኝ» ማለትንም ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ።

ይህ ግን ለ14ቱ ፍሬ ምክንያት አይሆንሽም። የተተከለላቸውን ኩላሊት ከሌላው ዕድሜ ይልቅ በብዛት የሚያጡት በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ስለዚህ እቆጣለሁ። እናትሽ ስለ ሰጠችሽ ኩላሊት አንድ ቃል እንዳልናገርሽ አስምላኛለች፤ አልናገርም።

ማክሰኞ ጠዋት ሂጂ። ከደም ምርመራው በፊት ታክሮሊመሱን አትዋጪ፤ ይዘሽው ሂጂና ደም ከሰጠሽ በኋላ ዋጪው። ያመለጠሽን ለማካካስ እጥፍ መዋጥ የለም። 14 ፍሬ እንደዘለልሽ ራስሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ከደበቅሽው የመድኃኒቱ መጠን በደምሽ ውስጥ ማነሱን አይቶ ይጨምርልሻል፤ በትክክል መዋጥ ስትጀምሪ ደግሞ መጠኑ በዝቶ ያንኑ ኩላሊት ይጎዳዋል። ለምን እንደዘለልሽውም ንገሪው። እጅሽን ስለሚያንቀጠቅጥሽ ከሆነ፣ ሰዓቱ ከትምህርትሽ ጋር ስለማይስማማ ከሆነ፣ ስለሰለቸሽም ከሆነ ንገሪው። መሰልቸት አያሳፍርም።

በልጆች ክሊኒክ አንድ ሐኪም ግፊትሽንም፣ አጥንትሽንም፣ ክትባትሽንም አብሮ ይከታተል ነበር። አሁን ሁሉም በየክፍሉ ነው፤ አንዱ ያዘዘውን ለሌላው የምትነግሪው አንቺ ነሽ። የመድኃኒቶችሽን ስምና መጠን በእጅሽ ጻፊና ያዢ፤ የእናትሽ ደብተር አሮጌ ነው። ለራስ ምታት አይቡፕሮፌንም ሆነ ዲክሎፌናክ አትውሰጂ። የታክሮሊመሱ ካርቶን ስም ተለውጦ ቢሰጥሽ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትዋጪ። ትኩሳት ከያዘሽ እስኪነጋ አትጠብቂ።

አንድ ነገር አለ፤ አባት ለሴት ልጁ መናገር ይከብደዋል፣ ግን እናገረዋለሁ። ከታክሮሊመሱ ጋር የምትውጪው ማይኮፌኖሌት ፅንስን ይጎዳል። አንድ ቀን ልጅ ልውለድ ብትዪ፣ ኩላሊት ተተክሎላቸው የወለዱ ብዙ ሴቶች አሉ፤ መድኃኒቱ ግን ከእርግዝናው አስቀድሞ በሐኪም መቀየር አለበት። ስለ እርግዝና መከላከያም ጠይቂ። ይህን ጥያቄ እኔ ባለሁበት እንደማትጠይቂው አውቃለሁ። በሩ መዘጋት ያለበት ለዚህም ነው።

እናትዬ፣ ደህና ነኝ ብለሽ አትቅሪ። ደህና ብትሆኚም ሂጂ።

መዝገቡ ላይ የእኔን ስልክ አስሰርዢና የራስሽን አስጽፊ። ከፈለግሽ አብሬሽ መጥቼ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ። ካልፈለግሽም ንገሪኝ፤ ከቤት አልወጣም። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ሲልሽ እኔ ውጭ ነኝ።

አባትሽ