ለደንበኞቻችን፦ «ምን እንርጭበት?» ለሚለው ጥያቄያችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን በቴሌግራም የምትልኩልን የክሪሳንተመምና የፔቱኒያ ፎቶ በዝቷል። ቅጠሉ ተዥጎርጉሯል፣ ተክሉ አላድግ ብሏል፣ የአበባው ቀለም ተዘበራርቋል። ጥያቄያችሁ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ ምን እንርጭበት?

ቫይረስ ከሆነ የሚያድን መድኃኒት የለም። ፀረ ፈንገስ መርጨት ብር መድፋት ነው። የሚደረገው ነገር ግን አለ። ምን እንደሚደረግ የሚወስነው የቫይረሱ ቤተሰብ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቫይረስ በፕሮቲን የተጠቀለለ ዘረመል ነው። ባለሙያዎች ሲመድቡት፣ ዘረመሉ ከሁለቱ የዘረመል ዓይነቶች የትኛው ነው፣ አር ኤን ኤ ነው ወይስ ዲ ኤን ኤ? አንድ ክር ነው ወይስ የተከፋፈለ? እያሉ ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከተገኘበት ተክል ስለሚወሰድ ያሳስታል። «ቲማቲም ስፖትድ ዊልት» የተባለው ቫይረስ ከ1,000 በላይ የእፅዋት ዝርያዎችን ያጠቃል፤ ክሪሳንተመም አንዱ ነው። ስለዚህ «ግቢዬ ውስጥ ቲማቲም የለም» ማለት አያድንም።

የዚህ ቫይረስ ዘረመል ሦስት የአር ኤን ኤ ቁራጮች ነው። ሁለት ዓይነቶቹ አንድ ተክል ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቹን ሊለዋወጡ ይችላሉ። የሚያዛምተው ትሪፕስ የምትባለው ደቃቅ ነፍሳት ናት። ቫይረሱን የምትይዘው ገና እጭ ሳለች ነው፤ ከዚያ ሆዷ ውስጥ ይራባል፤ ክንፍ ካወጣች በኋላ እስክትሞት ድረስ ታስተላልፋለች። እዚህ ላይ ነፍሳቷን መከላከል ዋጋ አለው። ሰማያዊ ተለጣፊ ወረቀት ስቀሉ፣ በዙሪያው ያለውን አረም ንቀሉ።

ፖቲቫይረሶች የሚባሉት ሌላ ቤተሰብ ናቸው። ዘረመላቸው ወደ 10,000 የዘረመል ፊደል የሚጠጋ አንድ የአር ኤን ኤ ክር ነው። ክሽክሽ (አፊድ) የምትባለው ነፍሳት ቫይረሱን እንደ ተበከለ መርፌ በአፏ ጫፍ ይዛ በደቂቃዎች ውስጥ ታስተላልፋለች። ፀረ ነፍሳት መድኃኒቱ እስኪገድላት ሥራዋን ጨርሳለች። በ1630ዎቹ ሆላንዶች ሀብታቸውን ያፈሰሱበት ባለ መስመር ቱሊፕ ውበቱን ያገኘው ከዚህ ወገን በሆነ ቫይረስ ነበር። ይህን በ1928 እንግሊዝ ውስጥ ያረጋገጠችው ዶሮቲ ኬይሊ ናት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ጭራሽ ነፍሳት አያስፈልገውም። በእጅና በመቀስ ይሄዳል። አትክልተኛችሁ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ፣ ፔቱኒያ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ብዙ ጊዜ የምንጨቃጨቅበት የክሪሳንተመም መቀንጨር ነው። አምጪው ቫይረስ እንኳ አይደለም፤ ቫይሮይድ ይባላል። 350 ገደማ ፊደል ያለው ራቁት የአር ኤን ኤ ቀለበት ነው። የራሱ ፕሮቲን የለውም። ገበያ ላይ ያለው ፈጣን መመርመሪያ ስትሪፕ ደግሞ የሚፈልገው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ስትሪፑ «ነፃ» ቢልም ቫይሮይዱ እዚያው ሊኖር ይችላል። የሚያገኘው ዘረመሉን ራሱን የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ነው። ይሄ ውድ ነው። የክሪሳንተመም እናት ተክሎቻችንን ግን በእሱ ነው የምናስመረምረው፤ የችግኙ ዋጋ ከጀራኒየም ከፍ ያለውም ለዚህ ነው። ከአንድ እናት ተክል ብዙ ችግኝ ስለሚቆረጥ፣ እሷ ከታመመች ሁሉም ይታመማሉ። እዚህ ላይ አንቆጥብም።

የፔቱኒያ የቅጠል ሥር (ቅጠሉ ላይ ያሉት መስመሮች) ቢጫ መሆን ግን ከአቅማችን በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድ ባለ ዲ ኤን ኤ ቫይረስ አለ፤ በአንዳንድ ፔቱኒያዎች የራስ ዘረመል ውስጥ ተሰክቶ ይኖራል። ከየትም አልመጣም፤ በዘር ይወረሳል። ተክሉ በሙቀት ወይም በምግብ እጥረት ሲጨነቅ ይነቃል። መቀስ በበረኪና ማጠብ ለቫይሮይዱና ለትምባሆው ይረዳል፤ ለዚህኛው ግን ምንም አይፈይድም። ውሃና ማዳበሪያውን አታጓድሉበት፤ ዘሩን ደግሞ ለመዝራት አታስቀምጡ።

የተጠራጠራችሁትን ተክል ወደ ጣቢያችን ይዛችሁ አትምጡ። ሁለት ሦስት ቅጠል ቆርጣችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉና በር ላይ ላለው ልጅ ስጡት። ችግሩ ከእኛ እናት ተክል የመጣ ከሆነ በነፃ እንተካለን። የቀረውን ተክል ከነሥሩ ነቅላችሁ አቃጥሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ።

ከአክብሮት ጋር፣
የችግኝ ጣቢያው ባልደረቦች